የጋሽ ወርቃገኘሁ ቀኝ ትከሻ

ጋሽ ወርቃገኘሁ ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀው በጎረቤቱ በጋሽ ደምሰው ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ከበሩ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ፣ እየቀለደ፣ ትልልቁን ሰው በልጅነት ስሙ እየጠራ ወደ ውስጥ ዘለቀና ወንበሩ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው። ሰው ተሯሩጦ ውሃ ከማምጣቱ በፊት የጤና ማዕከሉ ደወለ። በጆሮው የሚመጣው ድምፅ እንደ ወትሮው የተረጋጋና ትሁት ነበር። የደም ግፊትዎ በድንገት ወርዷል፣ በጀርባዎ ይተኙ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ አለው። ቀጥሎ የት እንዳለ ጠየቀው። ሠርግ ላይ ነኝ አለ። ስንት ሰው አለ? ጋሽ ወርቃገኘሁ እንደተጋደመ ከላዩ የተደረደረውን ፊት ሁሉ አየና፣ እንጃ፣ አገር ምድሩ፣ አለ።

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ኪኒን የሚውጥ ሰው አልነበረም። ተማሪዎች ኪኒን የሚያዩት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ድሮ ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ፣ ያውም በሰዓቱ፣ ራሱ ማስታወስ ነበረበት ሲባሉ ይስቃሉ። አሁን ሁሉም በዓመት አንድ ቀን ዕድሳት ይሄዳል። ትከሻው ላይ በመርፌ ፈሳሽ ይገባለታል፤ ፈሳሹ ከሥጋው መሐል ረግቶ ጄል ይሆናል፤ ጄሉም የታቀፈውን መድኃኒት ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ፣ የለቀቀውንም ለማዕከሉ እያስታወቀ፣ ራሱም እየሟሟ ዓመቱን ይጨርሳል። የጄሉ ክር የሚገኘው ከአብሽ ነውና የሞረትና የጅሩ ገበሬ አብሽ የሚዘራው ለድስት መሆኑ ቀርቶ ለትከሻ ከሆነ ቆይቷል። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «ትከሻ እንዴት ነው?» ይባባላል። «እየለቀቀ ነው፣ ተመስገን» ነው መልሱ።

ዕድሳት ላይ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በየትኛው እጅዎ ይሠራሉ? ሥራ እንዳያነካካው ጄሉ የሚገባው በሌላው በኩል ነው። ስለዚህ የከተማው ሰው ከሞላ ጎደል ጄሉ በግራው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ግፊያ ሲሆን ሰው ግራውን ወደ መስኮት ያዞራል። ቦርሳ በግራ ትከሻ ያንጠለጠለ ሰው ከታየ የውጭ አገር እንግዳ ነው። ባልና ሚስት አልጋ ላይ ማን በየት በኩል እንደሚተኛ እንኳ የሚወሰነው በዚሁ ነው፣ ክርክሩም ብዙ ትዳር ፈትኗል።

ማዕከሉ ዓይን አልነበረውም። የሚያውቀው ከትከሻ የሚደርሰውን ብቻ ነው። የጎደለውን ይጠይቃል፣ ያልተነገረውን ደግሞ ራሱ ገምቶ ይሞላል። በማግስቱ ጠዋት ለጋሽ ወርቃገኘሁ የሞላውን አሰማው። መጀመሪያ የወደቁት ለቅሶ ቤት ነው፣ ቀጥሎ በሥላሴ ንግሥ ዕለት፣ አሁን ደግሞ ሠርግ ላይ። ሥራ ቦታ ወድቀው አያውቁም፣ ቤትዎም ወድቀው አያውቁም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሲያዩ ይፈራሉ፤ ፍርሃቱ ጄሉን ያውከዋል፤ ጄሉም ከመጠን በላይ ይለቃል። እስከሚቀጥለው ዕድሳት ድረስ ሰው ከሚሰበሰብበት እንዲርቁ ምልክት ተደርጎብዎታል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።

ጋሽ ወርቃገኘሁ ሳቀ። ሚስቱ አስካለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ እኮ የጠባሴ ሰፈር የእድር ዳኛ ነው፤ ሰው ይፈራል ማለት ዓሣ ውሃ ይፈራል እንደማለት ነው። ሰላምታው ራሱ በሰፈሩ የታወቀ ነው። እጅ ይጨብጥና ወደ ራሱ ስቦ ትከሻ ለትከሻ ያጋጫል፣ አንዴም አይደለም፣ ሁለቴም አይደለም፣ ናፍቆቱ እስኪወጣለት ነው። ቀጫጭን ሰዎች ከሩቅ ሲያዩት ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁታል።

ሳቁ የቆመው የምልክቱ ትርጉም ሲገባቸው ነው። አንዲት ልጃቸው ሶልያና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልትዳር ነው። የአዳራሽ በር ትከሻ ያነባል፣ ምልክት ላለበት ሰው አይከፈትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሩቅ ወንበር አለለት፤ ቤቱ ተቀምጦ ሠርጉን በግድግዳው ያያል፣ ፊቱም አዳራሹ ውስጥ በስክሪን ይታያል። ማዕከሉ ሳይጠየቅ የሩቁን ወንበር መዝግቦ፣ ከሙሽራዋ እናት ወንበር አጠገብ ስክሪኑ የሚቆምበትን ቦታ ሳይቀር መርጦ ላከላቸው። አስካለ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ብንተክልስ ብላ ነበር። ትከሻ የሚያነብ በር የሌለው ሠርግ ግን ከተከለከለ ቆይቷል።

እሱ መጀመሪያ አላመነም። የቤተ ክርስቲያን በር ትከሻ አያነብምና በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ ሆን ብሎ ሄደ። ቅዳሴ እንዳለቀ ከምእመኑ ጋር እንደ ልማዱ ሰላም ተባባለ። ከዚያ ዓይኑ ጭልም አለበትና ዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልቡ ይመታል። እውነትም ሰው ፈርቼ ይሆን እንዴ ብሎ ራሱን የጠየቀው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ከገባ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ባየ ቁጥር ልቡ መምታት አለመምታቱን ያዳምጥ ጀመር፤ የሚያዳምጡት ልብ ደግሞ መምታቱ አይቀርም።

እየራቀ ሄደ። የሚሠራው ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ የነፋስ ተርባይን ክንፍ የሚታደስበት ጋራዥ ነው፤ ወደዚያ በዋናው መንገድ መሄዱን ትቶ በጓሮው ሽቅብ ይወጣ ጀመር። የእድሩን ማኅተም ለምክትሉ ሰጠ። ጋሽ ደምሰውን እንኳ መንገድ ማዶ ሆኖ እጁን አውለብልቦለት ያልፋል። ሁለቱ ከልጅነት አብረው ያደጉ፣ የግፊት ጄላቸውን እንኳ በአንድ ቀን ሄደው የሚያሳድሱ ሰዎች ናቸው። ደምሰው ነገሩን በኩርፊያ ተረጎመው። ሠርጌ ላይ ወድቆ ስለተዋረደ ቂም ያዘብኝ አለና እሱም ፊት ነሳው።

ወርቃገኘሁ ግን አልወደቀም። ሁልጊዜ ማታ ማታ ከእራት በፊት ድምፁ ይመጣል። «ዛሬ ከሰው ርቀው ስለዋሉ እናመሰግናለን። በዚሁ ይቀጥሉ።» ልክ ነበር፤ ከሰው ርቆ ነው የዋለው። ማዕከሉ ልክ በሆነ ቁጥር እሱ በራሱ ላይ ያለው እምነት እየሟሸሸ ሄደ። ልክ ባይሆን ኖሮ መች ይሻለኝ ነበር ይላል ለሚስቱ። አስካለ አንድ ቀን ታግሣ ታግሣ መለሰችለት።

«አልጋ ላይ የተኛ ሰውም እኮ አይወድቅም» አለችው።

ሆሳዕና ሲቃረብ ሶልያና የሩቁን ወንበር ልትሞክረው ከአዳራሹ ደወለች። እሱ ቤት ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እሷ በግድግዳው ላይ በቁመቷ መጣች። ከእሷ ፊት ለፊት የሱ ፊት በስክሪን ተደቅኗል፣ ከአንገት በላይ። ሙሽሮች የሚቀመጡበትን አሳየችው፣ እናቷ የምትቀመጥበትን አሳየችው። ከዚያ የሠርጉን ቅደም ተከተል ስትለማመድ ምርቃቱ ጋ ደረሰችና ጎንበስ አለች። ጎንበስ ብላ ቆየች።

«አባዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «ጉልበትህን የቱ ጋ ነው የምስመው?»

ጋሽ ወርቃገኘሁ ጉልበቱን አየው። ሶፋው ላይ፣ እሷ ከማታየው ቦታ፣ በሥራ ሱሪው ውስጥ ነበር። ሶልያና ስክሪኑን ሳትዘጋው ከአዳራሹ ወጣች፤ እሱም ባዶ ወንበሮች እያየ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አባቷን በክንዱ ይዛ ማዕከሉ ወሰደችው። እንዳይመለስባት ግራ ክንዱን አልለቀቀችም። ድምፁን በአካል ማግኘት አይቻልም፣ ሰው ግን ይገኛል። ያገኙት ሰው ዶክተር ኢክራም ነበረች፤ የጄሉን ክር ከክር የምታስተሳስር ኬሚስት፣ ዕድሜዋ ከሶልያና ብዙም የማይበልጥ፣ የደሴ ልጅ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለቻቸውና የትከሻውን ታሪክ በመስመር እየሣለ በሚያሳየው መስታወት ላይ ዘረጋችው። የፈራ ሰው ጄል እንዲህ አይለቅም አለች፤ ፍርሃት ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ነው የሚወርድ፣ ይሄ ግን የመጋዝ ጥርስ ነው የሚመስል። መጋዙ ከየት እንደመጣ ግን እሷም አላወቀችም። ትንሽ ላስብበት፣ እስከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ አለቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ግዛቸው ተቀምጦ ነበር። ግዛቸው ድሮ የጋራዡ ክሬን ነጂ የነበረ፣ በር ሲገባ ጎኑን የሚያዞር ግዙፍ ሰው ነው፤ ሥራ ከለቀቀ ጀምሮ አልተያዩም። ወርቃገኘሁ ፍርሃቱንም ምልክቱንም ረሳው። ተጨባበጡና ትከሻ ለትከሻ ተላተሙ፣ ተያዩና እንደገና ተላተሙ፣ የልጆቻቸውን ደህንነት ተጠያየቁና ደገሙት። የቢሮው በር ተከፈተ። ዶክተር ኢክራም በሩ ላይ ቆማ ዓይኗ አንዴ ወደ ውስጥ ወደ መስታወቱ፣ አንዴ ወደ ሁለቱ ሰዎች ይመላለሳል።

«እስቲ ድገሙት» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አፍረው፣ እንደ ተማሪ ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ተጋጩ። እሷ ወደ መስታወቱ ዞር ብላ አየች። አሁንም ድገሙት አለች። ደገሙት።

«ጋሼ፣ በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩት?»

«በግራዬ ነው።»

«ሰላም የሚሉትስ?»

«በቀኜ ነዋ!»

«ግራኝ ሆነው?»

«ግራኝ ነኝ እንጂ ባለጌ አይደለሁም» አለ ጋሽ ወርቃገኘሁ ቆጣ ብሎ። ሲበላ በቀኙ፣ ሲሰጥ በቀኙ፣ ሰላም ሲል በቀኙ እንዲሆን አባቱ ቀጥቶ ነው ያሳደገው። ግራው ለመዶሻና ለመሞረጃ ነው።

ዶክተር ኢክራም መጥታ ከግዛቸው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን ያዘች። ሶልያና መጀመሪያ ያመማት መስሏት ነበር። ሴትዮዋ ግን እየሳቀች ነበር፣ ደስ ያላት ሰው ሳቅ አልነበረም እንጂ።

«ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «በየትኛው እጅ ትሠራላችሁ ብዬ ጠየቅኩ፤ በየትኛው ሰላም ትላላችሁ አላልኩም። እኔም እኮ እዚሁ አገር ነው ያደግኩት።»

ነገሩን በአጭሩ አስረዳቻቸው። ግራኝ በመሆኑ የሱ ጄል የገባው ሰላም ሲል በሚጋጭበት በቀኝ ትከሻው ነው። ጄሉ በቋጠሮ የተያያዘ መረብ ነው። ሲመታ ጥቂት ቋጠሮ ይፈታና ወዲያው ተመልሶ ይታሰራል፤ በመሐል ትንሽ መድኃኒት ሾልኮ ያመልጣል። አንድ ምት ምንም አይደለም። የሠርግ ቤት ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሲመታው ግን የወር መድኃኒት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለቃል። በፊት መጠኑ ትንሽ ስለነበር አልተሰማውም፤ ዘንድሮ ሲጨመርለት ነው የጣለው። ወርቃገኘሁ እየሰማ ሳለ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያልተሰማው ነገር ተሰማው፤ አልፈራሁም ነበር። ሰው አልፈራሁም። ይህን ቃል በልቡ ደጋገመው፣ ጣፈጠው።

ጄሉን አውጥቶ ወደ ግራ ማዛወር ግን አይቻልም፤ ከሥጋው ጋር ተዋህዷል፣ እስኪሟሟ መጠበቅ ግድ ነው። መከላከያ ቢደረግበት ደግሞ መከላከያው ራሱ ይጫነዋል። የበሩን ምልክት በራሴ ኃላፊነት አነሳለሁ አለች ኢክራም። ሠርጉ ላይ ቢወድቁ ግን ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል፣ ምልክቱም አይነሳም፤ ስለዚህ ቀኝ ትከሻዎን ማንም እንዳይነካ። ሶልያና የማታ ማታው ምስጋናስ ብላ ጠየቀቻት። ድምፁን የሚያርመው ሌላ ክፍል ነው አለች ዶክተሯ፣ ወረፋው ረጅም ነው።

መልሱን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ በልጁ ሠርግ ደጅ ቆሞ ለእንግዳ ትከሻ መንፈግ ሌላ። ያውም ጾሙን በሙሉ ሰው ሲሸሽ ከርሞ። ጋሽ ወርቃገኘሁ መጀመሪያ ደምሰው ቤት ሄደ። ደምሰው ውጭ አጥሩን ሲጠግን አገኘውና እዚያው ቆሞ ከመውደቁ ጀምሮ እስከ ግራኝነቱ ያለውን አንድ ሳያስቀር ነገረው። አኩርፌህ አይደለም፣ ራሴን ፈርቼ ነው አለው። ደምሰው ሽቦውን እያጠመዘዘ ሰማ። ሲጨርስለት ፒንሳውን ኪሱ ከተተና፣ በል ሠርጉ ላይ እንገናኝ፣ ብሎት ገባ። ወርቃገኘሁ ይቅር ይበለው አይበለው ሳያውቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሠርጉ ቀን የአዳራሹ በር ትከሻውን አንብቦ ተከፈተለት። ከአስካለ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመ። ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከቶ እንዳይወጣበት በጡጫ ያዘው። ልቡ ይመታ ነበር። ማዕከሉ ያን ሰዓት ሰው ፈርተዋል ቢለው አይዋሽም ነበር፤ ጋሽ ወርቃገኘሁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣውን እንግዳ እውነትም ፈርቷል።

መጀመሪያ የደረሰው የአንኮበር አጎቱ ነበር፤ ሲያቅፍ የሰው አጥንት የሚያንቀጫቅጭ ሽማግሌ። ወርቃገኘሁ ተሸማቀቀ። ሽማግሌው ግን ፊቱ ሲደርስ ቆም አለ፣ መላ እንደጠፋው ሁሉ ሁለት እጁን አየ፣ ከዚያ ግራውን ዘረጋ። በግራው ጨብጦ በግራ ትከሻው ገጨው። አቅጣጫው ጠፍቶት አፍንጫው ከአፍንጫው ሊጋጭ ትንሽ ቀረው። ቀጥሎ የመጣችው የእድሩ ጸሐፊ ናት፤ በግራ። ቀጥሎ የጋራዡ ልጆች፤ ሁሉም በግራ፣ እየሳቁ፣ እየተሳሳቱ፣ እግር ለእግር እየተረጋገጡ።

ወርቃገኘሁ በሰልፉ ላይ አሻግሮ ተመለከተ። ከደረጃው በታች፣ መኪና የሚቆምበት ጋ፣ ጋሽ ደምሰው ነጭ በነጭ ለብሶ እግሩን አንፈራጥጦ ቆሟል። የወረደውን እንግዳ ሁሉ ያስቆማል። እንዲህ ነው ይልና እያንዳንዱን በራሱ ግራ ትከሻ ያለማምደዋል፤ የከበደውን ደግሞ ያስደግመዋል፣ ካለፈ በኋላ ወደ ደረጃው ይገፋዋል። ድምፁ እስከ በሩ ይሰማል።

ጋሽ ወርቃገኘሁ ግራ ትከሻ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አውቶቡስ ውስጥ ወደ መስኮት የሚዞረው፣ አልጋ ላይ የማይተኙበት፣ ሕፃን እንኳ የማይሸከሙበት ትከሻ ነው። የራሱ ግራ ባዶ ነው፤ ሰዎቹ ግን የየራሳቸውን ጄል ይዘው መጥተው ነው የሚጋጩት። አለቀሰ፣ አልደበቀውምም። አስካለ መሐረብ ሰጠችው። እንግዳው ሁሉ ከደጅ አልፎ ሲቀመጥ በየጆሮው ድምፁ መጣበት፤ ጥቂት ተጨማሪ ለቋል፣ የት ነው ያሉት? አዳራሹ ሙሉ ሰው ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሠርግ ላይ ነኝ» እያለ ሲያጉረመርም ቆየ።

አንድ ሰው ብቻ ዘገየ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ደምሰው ደረጃውን በሚዜዎች ተደግፎ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። የእንግዳውን ሁሉ ልምምድ የተቀበለው ያ አንድ ትከሻ ነው፤ ጄሉም የግፊት ነው። ወርቃገኘሁ ሮጦ በግራ በኩል ሊደግፈው ሲል አስካለ ጮኻ ወደ ቀኝ አዞረችው። የሩቁ ወንበር ስክሪን ሊቆምበት ከነበረው ቦታ፣ ከሙሽራዋ ቤተሰብ መሐል አስቀመጡት፣ እግሩንም ሌላ ወንበር ላይ ሰቀሉለት። ጣፋጭ ሻይ ሲጠጣ መልኩ ተመለሰ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ በዚህ ሙጫ ምክንያት ነው የተኳረፍነው?» አለ ደምሰው ትከሻውን እያሻሸ።

ሙሽሮቹ ገቡ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ዘፈኑ ከሁሉም አቅጣጫ ተነሣ። ሶልያና ቬሏን ሰብስባ መጣችና አባቷ ፊት ጎንበስ አለች። ጉልበቱ እዚያው ነበር፣ በአዲስ ሱሪ ውስጥ። ሳመችው። ቀጥላ ሌላኛውንም ሳመችው፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። ጋሽ ወርቃገኘሁ ሊመርቃት አፉን ከፈተ፣ ያሰበው ረጅም ምርቃት ሁሉ ጠፋበት፣ ውለጂ ክበጂ ብቻ አላት። ይሄም በቂ ነበር።

ጭፈራው ደርቶ ሁለቱ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ የአዳራሹን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ የዘገየው ማዕከል ለደምሰው ደወለ። የደም ግፊትዎ በድንገት ወርዶ ነበር አለው ድምፁ። የት ነው ያሉት? ስንት ሰው አለ?

ደምሰው አዳራሹን ተመለከተ። መሐሉ ላይ ሰው እንደ ንብ ተተራምሷል፤ ግዛቸው ሙሽራውን ትከሻው ላይ አውጥቶ ይሽከረከራል። ደምሰው እጁን ወርቃገኘሁ ጉልበት ላይ ጣል አደረገ።

«ቤቴ ነኝ» አለ። «ብቻዬን ነኝ። አንድም ሰው የለም።»

ድምፁ አመስግኖ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ወርቃገኘሁ ሰዓት ደረሰ፤ ከእራት በፊት ነው። «ዛሬ ከሰው ርቀው ስለዋሉ እናመሰግናለን» አለው ድምፁ። «በዚሁ ይቀጥሉ።»

በዚሁ እቀጥላለሁ አለ ጋሽ ወርቃገኘሁ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ደምሰውን ቁርጥ ያጎርሰው ጀመር።